ስለ ዳተኝነትና ስለ መምህራን የልቡና ሥልጣን

ሰነፍ ሰውና ዳተኛ ሰው ከሩቅ ለሚያያቸው አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ሰነፍ ሥራውን አይወድም፤ ሥራው ሳይሠራ በመቅረቱም አያዝንም። ዳተኛ ግን ሥራው እንዲሠራ ይፈልጋል፤ ሊሠራውም አስቦ ቀን ቈርጧል፤ ሳይሠራው በመዋሉም ኅሊናው ሲወቅሰው ያድራል። በማግሥቱም ያንኑ ሥራ ለሌላ ማግሥት ያሳልፈዋል። ዳተኝነት ትዕግሥትም አይደለም። ታጋሽ ጊዜው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ዳተኛ ግን ጊዜው ደርሶ ሲያልፍ ቆሞ ይመለከታል። ስለዚህ ዳተኝነት ማለት ሰው ሥራውን በማዘግየቱ እንደሚጎዳ እያወቀ፣ ይሠራው ዘንድ የሚገባውን ሥራ ያለ በቂ ምክንያት ለነገ ማሳደር ነው።

ይህ ደዌ ባልተማሩ ሰዎች ዘንድ ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ባላስገረመም ነበር። የሚያስገርመው ለሌላው ትጋትን በሚያስተምሩት በዩኒቨርሲቲ መምህራን ዘንድ መገኘቱ ነው። ለመሆኑ በመምህሩ ሥራ ውስጥ የሚዘገየው የትኛው ነው? የትምህርቱ ሰዓት አይዘገይም፤ ሰዓቱ የተወሰነ ነው፣ ተማሪዎቹም በአዳራሹ ተቀምጠው ይጠብቃሉና መምህሩ ከነድካሙም ቢሆን ይገባል። የሚዘገየው ምስክር የሌለው ሥራ ነው። የፈተናው ወረቀት ሳይታረም ይከርማል። የመመረቂያው ጽሑፍ ሳይነበብ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከብዙ ዓመት በፊት የተዘጋጀው የትምህርት ማስታወሻ ሳይታደስ በየዓመቱ ይነበባል። መምህሩ ራሱ ሊመራመርበት ያሰበው ነገርም ከክረምት ወደ ክረምት ይተላለፋል። በዚህም ሁሉ መካከል መምህሩ ሥራ ፈትቶ አልዋለም፤ ስብሰባ ውሏል፣ ደብዳቤ መልሷል፣ ቅጽ ሞልቷል። ዳተኛ ብዙ ጊዜ ትንሹን ሥራ እየሠራ ከትልቁ ሥራ የሚሸሽ ሰው ነውና።

የዚህንም ዕዳ የሚከፍለው ከሁሉ በፊት መምህሩ አይደለም። ትምህርቱን ፈጽሞ የመመረቂያ ጽሑፉን ያስረከበ ወጣት የአማካሪውን እርማት ሲጠብቅ ወራት ያልፉበታል፤ የቤት ኪራዩ አይቆምለትም፤ ምስክር ወረቀቱን በእጁ ስላልያዘ ሥራ ሊጠይቅ አይችልም፤ ስለ እርሱ የደከሙት ወላጆቹም ምክንያቱን ባለማወቅ ልጃቸውን ይጠረጥሩታል። ተማሪው ስለ እርማቱ ደጋግሞ ቢጠይቅ መምህሩን እንዳያስቀይም ይፈራል፤ ዝም ቢል ጊዜው ያልፍበታል።

በሐዋርያት ሥራ በ24ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የአገረ ገዢው የፊልክስ ታሪክ ለዚህ ነገር ብርቱ ምሳሌ ነው። ፊልክስ የጳውሎስን ቃል ሰምቶ ልቡ ደነገጠ እንጂ አልናቀውም፤ ነገር ግን የተመቸ ጊዜ ሲያገኝ እንደሚያስጠራው ነግሮ አሰናበተው። ሁለት ዓመትም ሞላ፤ ፊልክስ በሌላ ገዢ ሲተካ ጳውሎስን እንደ ታሰረ ተወው። ከዚህ ታሪክ የሚታየው ሥልጣን ያለው ሰው ሲዘገይ የሚታሰረው ሥልጣን የሌለው ሰው መሆኑ ነው። ይህም ለአገረ ገዢ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ማኅተምም ሆነ የእርማት ብዕር በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ ሊያስበው ይገባል።

እንግዲህ የደዌው ሥር ከወዴት ነው? በዘመናችን ስለ ሰው ጠባይ የሚመራመሩ ሊቃውንት ይህን ነገር በብዙ አጥንተውታል። ፒርስ ስቲል የተባሉት ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ከዚያ በፊት የተደረጉትን ብዙ ምርምሮች ሰብስበው በመረመሩ ጊዜ፣ ከዳተኝነት ጋር በብርቱ ተያይዘው ካገኟቸው ነገሮች መካከል አራቱ የሥራው አስጠሊነት፣ ዋጋው የሚገኝበት ጊዜ መራቅ፣ ሰው ሥራውን እችለዋለሁ ብሎ በራሱ ላይ ያለው እምነት ማነስ፣ ለቅጽበት ፍላጎትም ፈጥኖ መሸነፍ ናቸው። ብዙ ዳተኞች ግን የሚዘገዩት ሥራቸው ያለ ነውር እንዲሆን ከመሻታቸው የተነሣ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ይህም ምክንያት በምርምሩ ሲመዘን ቀልሎ ተገኝቷል። ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺልም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በጻፉት ጽሑፍ፣ ዳተኛ የሚሸሸው ከሥራው ይልቅ ሥራው ከሚያመጣበት የስጋትና የመሰልቸት ስሜት እንደሆነ አስረድተዋል፤ ለዛሬ ዕረፍት ሲል ለነገ ማንነቱ ዕዳ ይተዋል ማለት ነው።

ዕዳውም በእውነት ይከፈላል። ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ተከታትለው ነበር። ዳተኞቹ በትምህርቱ መንፈቅ መጀመሪያ ከትጉሃኑ ይልቅ ጭንቀታቸውም ሕመማቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የመንፈቁ ፍጻሜ በቀረበ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ጭንቀታቸውም ሕመማቸውም በዛ፤ በጠቅላላው ሲደመር ከሌሎቹ የበለጠ ታመሙ፤ ውጤታቸውም አነሰ። በመጀመሪያ ያረፉት ዕረፍት በአራጣ የተወሰደ ብድር ነበረ።

ሊቁ ስቲል ከቈጠሯቸው ምክንያቶች መካከል ሰው በራሱ ችሎታ ላይ ያለው እምነት ማነስ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ የመምህሩ የልቡና ሥልጣን የሚባለው ነገር ከዚሁ ጋር ይገናኛልና። ሥልጣን በሁለት ወገን ይታያል። አንደኛው በወረቀት ተጽፎ በማኅተም የሚሰጠው የውጭ ሥልጣን ነው። ሁለተኛው ግን ሠራተኛው በልቡ ይህ ሥራ የእኔ ነው፣ እችለዋለሁ፣ በእኔም ላይ የተመሠረተ ነው ሲል የሚሰማው ሥልጣን ነው። ግሬቸን ስፕራይትዘር የተባሉት ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ይህን የልቡና ሥልጣን በአራት ከፍለው መመዘኛ አበጅተውለታል። አንደኛው ሥራው ትርጕም ያለው ሆኖ መታየቱ ነው፤ ሁለተኛው የብቃት ስሜት ነው፤ ሦስተኛው የአሠራሩን መንገድ ራስ የመምረጥ ነጻነት ነው፤ አራተኛውም ሠራተኛው በሚሠራበት ቤት ውስጥ በሚሆነው ነገር ላይ የእርሱ ሥራ ለውጥ እንደሚያመጣ ማወቁ ነው።

እነዚህ አራቱ በመምህሩ ሕይወት ሲመዘኑ የዳተኝነቱ በር ከወዴት እንደሚከፈት ይታያል። ምርምሩን የሚጽፈው ለማዕርግ ዕድገት የሚፈለገውን ቍጥር ለመሙላት ብቻ ከሆነ፣ ትርጕሙ ጠፍቷልና ሥራው ይከብደዋል። ትምህርቱን ሲያስተምር የተመሰከረለት ሰው ምርምር እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳየው ታላቅ ወንድም ሳያገኝ ከቀረ፣ አልችለውም የሚል ፍርሃት ብዕሩን ያስቀምጥበታል። የሚያስተምረው ነገር፣ የሚያስተምርበትም መንገድ ሁሉ ከሌላ ስፍራ ተቈርጦ የሚመጣለት ከሆነ ራሱን እንደ ቅጥር ተላላኪ ይቈጥራል። በጉባኤ የተናገረው ምክር፣ የጻፈው ሐሳብ፣ የጠየቀውም መጽሐፍና የምርመራ ዕቃ ዓመት ሙሉ መልስ ሳያገኝ ከቀረ ደግሞ፣ ዛሬ ብሠራውስ ማን ያየዋል ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ዳተኝነቱ የአንድ ሰው ጠባይ መሆኑ ይቀርና የቤቱ ልማድ ይሆናል። በላይ ያለው ሹም የመምህሩን ማመልከቻ ያዘገያል፤ መምህሩ የተማሪውን ጽሑፍ ያዘገያል፤ ተማሪውም ከሁለቱ ተምሮ በተሾመ ጊዜ የባለጉዳይን ነገር ያዘገያል። ትምህርት ማለት በአንደበት የሚነገረው ብቻ አይደለምና፣ ይህም በተግባር የሚሰጥ ትምህርት ነው።

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት በዘመናዊ መልክ የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ ነው፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ በ1967 ዓ.ም. ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ከ40 በላይ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ የምርምርና የማስተማር ነጻነትን አጽንቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች ዐዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሥርዓት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ይህ የሚመሰገን እርምጃ ነው። ነገር ግን ዐዋጅ የሚሰጠው የውጭውን ሥልጣን ነው፤ ለተቋሙ የተሰጠው ነጻነት በፕሬዚዳንቱ ቢሮ ደርሶ ከዚያ የቀረ እንደሆነ፣ በትምህርት ክፍሉ ያለው ረዳት ፕሮፌሰርና ሌክቸረር ከዐዋጁ በፊት እንደነበሩ ይቀራሉ። ውኃ በዋናው ቦይ ሞልቶ ሲወርድ ቢታይ፣ ወደ እርሻው የሚያስገባው ትንሹ ቦይ ካልተከፈተ አዝመራው ይደርቃል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ስሕተት እንዳይደረግ መጠንቀቅ ያሻል፤ ይኸውም መምህሩ ነጻነት ካገኘ ዳተኝነቱ በራሱ ይጠፋል ብሎ ማሰብ ነው። ነጻነት ቀን ካልተቈረጠለት ለዳተኛ የተመቸ መኝታ ይሆናል። ዳን አሪሊና ክላውስ ቨርተንብሮክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ያሳተሙት ፈተና ይህን በግልጥ ያሳያል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚማሩ ሰዎች ሦስት ሦስት ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ታዘዙ። ለአንዱ ክፍል ሦስቱ የማስረከቢያ ቀኖች በእኩል ርቀት ተወስነው ተሰጡት፤ ሁለተኛው ክፍል ግን ቀኖቹን ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ የመረጠውንም ቀን ያሳለፈ ቅጣት ነበረበት። ነጻነት ከተሰጣቸውም የሚበዙት ሁሉን ለመጨረሻ ቀን በመተው ፈንታ ራሳቸውን በቀደመ ቀን አሰሩ፤ ድካማቸውን ያውቁ ነበርና። ቢሆንም ቀኑ በእኩል ርቀት የተወሰነለት ክፍል የበለጠ ውጤት አገኘ። እንግዲህ ሰው ራሱን ሊያስር ይችላል፤ ነገር ግን ገመዱን ሲያስር ጥቂት እንደሚያላላው ታይቷል።

ስለ መምህራን በተለይ ከሁሉ የሚጠቅመው የሮበርት ቦይስ ምርመራ ነው። ቦይስ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጻፍ ስለ ምን እንደሚያቅታቸው ብዙ ዓመት የመረመሩ ሊቅ ናቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ባሳተሙት ሥራ 27 መምህራንን በሦስት ወገን ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ከአስቸኳይ ነገር በቀር እንዳይጽፉ ተነገራቸው፤ ሁለተኛዎቹ መንፈሳቸው ሲነሣሣ ብቻ እንዲጽፉ ተተዉ፤ ሦስተኛዎቹ ግን ወደዱም ጠሉም በተወሰነው ሰዓት እንዲጽፉ፣ ባይጽፉ ግን እንዲቀጡ በውል ተገደዱ። ብዙዎች ሐሳብ በግዳጅ አይመጣም ሲሉ ይከራከራሉ፤ የተገኘው ፍሬ ግን የዚህ ተቃራኒ ነበረ። በሰዓታቸው የጻፉት ከሁሉ ይልቅ ብዙ ገጽ ጻፉ፤ አዲስ ሐሳብም ከሁሉ ይልቅ ያገኙ እነርሱ ሆኑ። ሐሳብ ሠራተኛውን በሥራው ላይ ሲያገኘው የሚመጣ እንግዳ ነው እንጂ፣ ሥራ ፈትቶ ለሚጠብቀው ሰው የሚመጣ እንግዳ አይደለም።

ይህ የፈረንጅ ሊቃውንት በፈተና የደረሱበት ነገር ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በዋድላም ሆነ በጎንጅ፣ በዋሸራም ሆነ በሌላው የቅኔ ቤት የሚደረገውን ሥርዓት ያየ ሰው ያውቀዋል። ጀማሪ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ ቍጠር አይባልም፤ በሁለት ቤት ከምታልቀው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያም ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ፣ ወደ ዋዜማ እያለ በየደረጃው ያድጋል፤ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ የሚደርሰው በስተኋላ ነው። ተማሪው ቅኔውን ቈጥሮ በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ይነግራል፤ እርማቱንም እዚያው ቆሞ ይቀበላል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ ቢያቀርብ አያስመሰግነውም፤ ለእያንዳንዱ ጉባኤ አዲስ ይፈለግበታልና ለነገ የሚያሳድረው ነገር የለውም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከላይ የተቈጠሩት ሁሉ ተሟልተው ይገኛሉ። ሥራው በትንንሽ ተከፍሏል፤ ጊዜውም የተቈረጠ ነው፤ ምስክሩ በፊት ለፊት ተቀምጧል። ተማሪውም የራሱን ምሥጢር ራሱ ይመርጣል እንጂ ሰምና ወርቁን ሌላ አይሰጠውም፤ ስለዚህ በወሰን ውስጥ ነጻ ነው። መምህሩም የድካሙን ፍሬ በዚያው ዕለት በጆሮው ይሰማል፤ ትርጕሙንና ብቃቱን የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም። እርግጥ የቤተ ክህነት ትምህርት ብዙ ዓመት የሚወስድ ነው፤ ነገር ግን ርዝመቱ ሌላ ነው፣ መዘግየት ሌላ ነው። መንገደኛ ሩቅ አገር ቢሄድ ሩቅ ሄደ ይባላል እንጂ ዘገየ አይባልም፤ ዘገየ የሚባለው ከደጁ ሳይነሣ የቀረው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች ምሳሌም የሚያመሰግነው በየቀኑ የሚጨመረውን ትንሹን እርምጃ ነው እንጂ ቆሞ መጠበቅን አይደለም።

ስለዚህ መድኃኒቱ በሁለት ወገን ሊደረግ ይገባል፤ አንዱ ከሹሙ፣ ሌላውም ከመምህሩ ይፈለጋልና።

ከሹሙ የሚፈለገው፤ 1ኛ፣ መምህሩ በሚያውቀው ነገር ላይ የመወሰንን ሥልጣን እስከ ትምህርት ክፍሉ ድረስ ማውረድ ነው፤ ለአንድ የምርመራ ዕቃ ብዙ ፊርማ የሚጠይቅ ቤት ለዳተኞች ምክንያትን በነጻ ያድላል። 2ኛ፣ የመምህሩ ጥያቄ የሚመለስበትን ቀን መወሰን፣ በቀኑም እሺ ወይም እንቢ ብሎ መመለስ ነው፤ ፈጥኖ የመጣ እንቢታ ዘግይቶ ከሚመጣ እሺታ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ እንቢ የተባለ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋልና። 3ኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ተነቦ የሚመለስበትን የጊዜ ወሰን መደንገግ፣ አፈጻጸሙንም መከታተል ነው። 4ኛ፣ ለአንድ አማካሪ ሊያነብ ከሚችለው በላይ ተማሪ አለመመደብ ነው፤ ከአቅም በላይ የተጫነ ሰው ቢዘገይ ዳተኛ ነው ሊባል አይገባውምና፣ ጭነቱን ሳይመዝኑ ጅራፍ ማንሣት ፍርድ አይደለም።

ከመምህሩ የሚፈለገው ደግሞ፤ 1ኛ፣ ሰፊ ጊዜ እስኪገኝ አለመጠበቅ ነው፤ ከስብሰባና ከጉዳይ ነጻ የሆነ ወር ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ በየማለዳው የሚገኝ ግማሽ ሰዓት ግን ሊጠበቅ ይችላል። 2ኛ፣ ትልቁን ሥራ እንደ ጉባኤ ቃና ቈርጦ ማሳነስ ነው፤ ዛሬ መጽሐፍ እጽፋለሁ ያለ ሰው ይፈራል፤ ዛሬ አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ ያለ ግን ይጽፋል። 3ኛ፣ ምስክር ማበጀት ነው፤ የሥራ ባልንጀሮች በየሳምንቱ ተገናኝተው የጻፉትን ቢነባበቡ፣ ደወል ለሌለው ሥራ ደወል ሠሩለት ማለት ነው። 4ኛ፣ የተማሪውን ሥራ ከራሱ ሥራ ማስቀደም ነው፤ በራሱ ጽሑፍ ቢዘገይ ራሱን ይጎዳል፤ በተማሪው ጽሑፍ ቢዘገይ ግን የሌላውን ዕድሜ ይወስዳል፤ ዕድሜ ደግሞ ተወስዶ የሚመለስ ገንዘብ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ሥልጣንና ቍጥጥር እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ አንዱ ሹም ሁሉን ለቅቆ ይተዋል፣ ሌላው ሁሉን አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል በተጻፈው የመክሊት ምሳሌ ጌታው ለአገልጋዮቹ ገንዘቡን በአደራ ሰጥቷቸው ሄደ፤ እንዴት እንደሚነግዱበት አላዘዛቸውም፤ በተመለሰ ጊዜ ግን ተቈጣጠራቸው። በአደራው ላይ ነጻ ነበሩ፤ ከሒሳቡ ግን ነጻ አልነበሩም። መክሊቱን የቀበረውም በአደራው ስላልተጠቀመበት ተወቀሰ፤ ለመቅበሩም ያቀረበው ምክንያት ፍርሃት ነበረ። ዛሬም የብዙ መምህር ዕውቀት በመሳቢያ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖረው ይህንኑ በሚመስል ፍርሃት ነው። ፍርሃቱን የሚያስወግድለት በእምነት የሚሰጥ ሥልጣን ነው፤ መክሊቱን ከመሳቢያው የሚያስወጣለት ደግሞ የተቈረጠ ቀን ነው።

የአገር ልማት የሚለካው በተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ብቻ አይደለም፤ በውስጣቸው ተጀምሮ በተፈጸመው ሥራም ነው። ሹሙ በመዝገቡ ላይ ያደረውን የመምህሩን ማመልከቻ ዛሬ ቢመልስ፣ መምህሩም በጠረጴዛው ላይ ያደረውን የተማሪውን ጽሑፍ ዛሬ ቢያነብ፣ በነገው ቀን የሚሠራ ሌላ ሥራ ይገኛል። ነገ የተሰጠው ለነገ ሥራ ነውና፣ የዛሬን ሥራ የሚያሳድርበት ሰው ሁለቱንም ቀን ያጣል።